የካባላጋላዋ አራሚና ገና ያልወጣው ጠራዥ

አሰፋሽ ስህተት አይታ ማለፍ አይሆንላትም። አዲስ አበባ ሳለች በአንድ ማተሚያ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት አራሚ ሆና ሠርታለች። የትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ የሠርግ ጥሪ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሳይቀር ከመታተሙ በፊት በእሷ ዓይን ሥር ያልፍ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ታላቅ እህቷ አለምዘውድ፣ «እዚያ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ? ነይና አብረን እንሥራ» ብላ ካምፓላ አስመጣቻት። አለምዘውድ ካባላጋላ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ስምንት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ነበራት።

ወጥ ቤት ግን ከአሰፋሽ ጋር አልተስማማም። ሽንኩርት እንድትከትፍ ሲሰጣት ሽንኩርቱ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ታነባለች። አንድ ቀን ምስሩ አርሮ ጭሱ ጎረቤት ሲያዳርስ እሷ ሁለት ጊዜ የታተመ አንቀጽ አግኝታ፣ «እታለም፣ ነይ እይ!» እያለች ትጣራ ነበር። አለምዘውድ ድስቱን አወረደችና፣ «አንቺን እግዜር ለድስት አልፈጠረሽም» አለቻት። ከዚያን ቀን ወዲያ ባንኮኒው ጋ ተቀምጣ ሒሳብ ተቀባይ ሆነች።

ዋስዋን ያገኘችው እዚያ ነው። ዋስዋ ኮሎሎ በሚባለው የካምፓላ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጓሮ ያለች ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ፣ ከስድስት ሠራተኞች ጋር ለትንንሽ ክሊኒኮች የካርድ ክፍል ፕሮግራም የሚሠራ ዑጋንዳዊ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ጥብስ ሊበላ ይመጣል። አንድ ረቡዕ ሊያሳትመው ያሰበውን ማስታወቂያ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ስልክ ሊያነጋግር ወጣ። ሲመለስ ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ አሥራ አራት ቦታ ተከቧል።

«ማነው ይህን ያደረገው?» አለ።

አሰፋሽ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ እጄ ነው። የስልክ ቁጥሩም አንድ አኃዝ ይጎድለዋል።»

ዋስዋ ወረቀቱን አገላበጠው። «ስድስት ሰው አንብቦት ነበር'ኮ!»

«ስድስት ሰው ካነበበውማ ማንም አላነበበውም። እያንዳንዱ ሌላው ያየዋል ብሎ ነው የሚያልፈው» አለችው።

ሰውዬው እስኪያነባ ሳቀ። በሚቀጥለው ሰኞ አሰፋሽ ኮሎሎ ሥራ ጀመረች። ሥራዋ ፕሮግራሙን እንደ ፕሩፍ፣ ለእርማት እንደሚወጣ የሙከራ ኅትመት፣ ማንበብ ነበር፦ እያንዳንዱን ገጽ መክፈት፣ እያንዳንዱን ቁልፍ መጫን፣ የተሳሳተ ቀን ማስገባት፣ ስም ሳይጻፍ «መዝግብ» ማለት። ፕሮግራመሮቹ መጀመሪያ ፈሯት፣ ቀጥሎ ተበሳጩባት፣ በስተመጨረሻ ለመዷትና «ማማ አሴ ሳታየው አይወጣም» የሚል ደንብ አወጡ። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። በዚህ መሀል የስደተኛ ክሊኒኮች ፕሮግራሙን ሲጠይቁ የአማርኛውን ቃላት እሷ ተረጎመች፤ የትግርኛውን አክበረት የምትባል የሰፈሯ ሴት።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 2006 ግንቦት ውስጥ ነው። ዋስዋ ሁሉንም ሰብስቦ፣ «ቢልድ ቱሉ አዲስ እትም እየወጣለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ነው ይላሉ። ነሐሴ ላይ እንደወጣ እንለውጥና ለአሥራ አንዱ ክሊኒክ በእሱ የተሠራውን እንሰጣለን» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አሰፋሽ ስብሰባው ሲያልቅ አጠገቧ የሚቀመጠውን ዮፍታሔን ያዘችው። ዮፍታሔ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የተመረቀ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው ፕሮግራመር ነው።

«ይኼ ቢልድ ቱል የምትሉት ምንድነው?»

«ይኸውልዎት እትዬ፣ እኛ የምንጽፈው ሦስት መቶ ምናምን ቁርጥራጭ ነው። አንዱ ቀን የሚቆጥር፣ አንዱ ስም የሚፈልግ፣ አንዱ የቋንቋ ዝርዝር። ቢልድ ቱሉ ያን ሁሉ ይሰበስባል፣ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ ከዚያ አንድ የሚሠራ ፕሮግራም አድርጎ ያወጣዋል።»

«ጠራዥ ነዋ!»

«እ?»

«እኛ ጋ ገጾቹ ታትመው ሲወርዱ የሚሰበስባቸውና የሚሰፋቸው ጠራዥ ነበር። እንቅልፍ ሲያዳፋው ከገጽ አራት ቀጥሎ ገጽ አርባን ይሰፋዋል። መጽሐፉ ከውጭ ሲታይ ምንም አይልም። ታዲያ ይህን አዲሱን ጠራዥ ማን አየው?»

«ማንም። ሠሪዎቹ ውጭ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ለሙከራ የሚሆን አውጥተው ‘እዩልን’ ብለዋል፤ ግን ማን ጊዜ አለው?»

አሰፋሽ ቀጥ ብላ ዋስዋ ጋ ሄደች።

«ማዳም አሴ፣ ያልወጣ ነገር መፈተሽ ማለት ያልተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ነው» አላት ዋስዋ።

«እኛ ማተሚያ ቤት አዲስ ማሽን ሲገባ ሻጩ ገና እዚያው ቆሞ ሳለ የድሮውን ገጽ አሳልፈን እናይ ነበር፤ ከሄደ በኋላ ቢበላሽ ማንን ይጣራሉ? አሁን ሠሪዎቹ ጆሯቸው ክፍት ነው። ከወጣ በኋላ ግን ዓለም ሁሉ ይጮኻል፤ ያኔ ከኮሎሎ ጓሮ የእኛ ድምፅ ይሰማል ብለው ነው?»

ዋስዋ ጢሙን አሻሸ። «ዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ካልፈነዳ የእርስዎ ነው።»

ኮምፒውተሩ አልፈነዳም። ዮፍታሔ አንዲት ትንሽ ነገር ጻፈለት፦ ፕሮግራሙ ላይ ለውጥ በገባ ቁጥር ማሽኑ ሁለት ጊዜ ይጠርዛል፤ አንዴ አሁን በሚጠቀሙበት ጠራዥ፣ አንዴ ገና ሊወጣ ባለው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሳጥን ይታያል። የግራው ያለው ጠራዥ፣ የቀኙ መጪው ነው። ሥራው ካለቀ አረንጓዴ፣ ከተሰናከለ ቀይ።

ችግሩ መብራት ነበር። በዚያ ዓመት የቪክቶሪያ ሐይቅ ውኃ ጎድሎ ከተማው በፈረቃ ነው የሚበራው፤ አንድ ቀን ካለ አንድ ቀን የለም። የቢሮዋ ጄኔሬተር ደግሞ ከአራት ኮምፒውተር በላይ አትችልም። አሰፋሽ ትንሽ አሰበችና ማሽኑን ታቅፋ ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ወጣች። ዮፍታሔ ስክሪኑን ይዞ በሌላ ቦዳ ተከተላት። ካባላጋላ ሲደርሱ አለምዘውድ በሩ ላይ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?»

«የሥራ ዕቃ ነው፣ እታለም። ጥግ ላይ ቁጭ ይላል፤ ማንንም አያስቸግርም።»

«ምን ይበላል?»

«መብራት ብቻ።»

አለምዘውድ ለፍሪጁና ለዓለም ዋንጫው ስትል ትልቅ ጄኔሬተር ገዝታ ነበር። ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «እንግዲያው ከብራዚል ጋር ይቃመስ» ብላ ከፍሪጁ ጎን ቦታ ሰጠችው።

በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሰፋሽ የዕለቱን ለውጥ በፍላሽ ይዛ በታክሲ ትመጣለች። ፍላሹን ስትሰካ ማሽኑ ያጓራል፣ ኳስ የሚያዩት ሰዎች ዘወር ይላሉ፣ ሳጥኖቹ ቀለም እስኪያወጡ ይጠብቃሉ። ብዙም ሳይቆይ ምግብ ቤቱ ሁሉ ጉዳዩን ተረዳው። በተለይ ጋሼ ማኑሄ። ጋሼ ማኑሄ ሰባ የተጠጉ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በስደት የኖሩ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ያቺኑ የመስኮት ጠረጴዛ የማይለቁ ሰው ናቸው። ማንም ሳይሾማቸው የሳጥኖቹ ዘበኛ ሆኑ። በፈረቃው ቀን መብራት መጥቶ ማሽኑ በራሱ ተነስቶ እንደገና ሲጠርዝ ውጤቱን አይተው ቢሮ ይደውላሉ።

«ልጄ፣ ቀኙ ቀልቷል!»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«እንደ በርበሬ!»

አንድ ጊዜ እንዲሁ ብለው ዮፍታሔ እያለከለከ ሲደርስ ስክሪኑ ፊት ለፊት የካቻፕ ጠርሙስ ተቀምጦ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ አለምዘውድ በዚያ በኩል ጠርሙስ እንዳይቀመጥ ከለከለች።

ቀኙ ሳጥን በእውነትም ብዙ ጊዜ ቀላ። መጪው ጠራዥ አንዳንድ ትእዛዝ ስሙን ለውጦ ነበር፤ አንዳንዱን ደግሞ ጭራሽ ትቶታል። ዮፍታሔ አንድ በአንድ አስተካከለ። እያንዳንዱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ ያውም በርክክቡ ዋዜማ ቢመጣ ግን ቢሮው ይታመስ ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሁለቱም ሳጥኖች አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አረንጓዴ ሆኑ። ዋስዋ ረቡዕ ጥብሱን እየበላ፣ «አለቀ ማለት ነው፤ ማሽኑን መመለስ ይቻላል» አለ።

አሰፋሽ ግን ደስ አላላትም። ምክንያቱን ብትጠየቅ አታውቀውም። አሥራ ሁለት ዓመት ፕሩፍ ስታነብ የለመደችው አንድ ነገር አለ፦ ስህተት የሌለበት ገጽ ሲመጣላት እንደገና ታነበዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ምግብ ቤቱ ጭር ሲል፣ ወንበር ስባ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። በግራው ጠራዥ የወጣውን ፕሮግራም ከፈተች። በቀኙ የወጣውንም ከፈተች። ጎን ለጎን አድርጋ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እየጎተተች፣ መስመር በመስመር ማነጻጸር ጀመረች።

የቋንቋ ምርጫው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። በግራው እንግሊዝኛ፣ ሉጋንዳ፣ ስዋሂሊ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ አለ። በቀኙ ሦስት ብቻ። አማርኛና ትግርኛ የሉም። የስህተት መልእክትም የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም።

ዘግታ እንደገና ከፈተችው፤ ያው ሦስት። ወዲያው ደግሞ የቆየ ደስታ ወረራት፤ ተገልብጦ የታተመ ገጽ ስታገኝ የሚሰማት ዓይነት። በመደሰቷ ትንሽ አፈረችና ስልኳን አነሳች።

ዮፍታሔ ማኬሬሬ በር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሮሌክስ የሚሉትን እንቁላል የተጠቀለለበት ቂጣ እየበላ ነበር። የያዘውን ሳይጨርስ መጣ።

«እትዬ፣ አረንጓዴ ነው'ኮ!» አለ ገና ከበሩ።

«ማሽኑ መጨረሱን ነው የነገረህ። ምን እንደጨረሰ ጠይቀኸዋል?»

ዮፍታሔ አየ። ቀና አለ። እንደገና አየ። የእጁን ቅባት ሱሪው ላይ ጠረገና ፋይሎቹን መቁጠር ጀመረ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገባው። የቋንቋ ፋይሎቹን ስም በየራሳቸው ፊደል ነበር የጻፉት፤ የአማርኛው ፋይል ስሙ «አማርኛ» ነው። መጪው ጠራዥ ከላቲን ፊደል ውጭ የተጻፈ ስም ሲያገኝ ትንፍሽ ሳይል ይዘለዋል።

ከመስኮቱ ጋሼ ማኑሄ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አሉ።

«ቀላል ነው» አለ ዮፍታሔ፤ ፊቱ ፈካ። «ስሙን በላቲን እጽፈዋለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«የእኛስ ይድናል። የሌላውስ?»

«የማን?»

«የራሱ ፊደል ያለው ሁሉ። ዓረቡ፣ ሕንዱ፣ ቻይናው። ጠራዡ ‘አልቻልኩም’ ቢል ምንም አልነበረም። እሱ ግን ዝም ብሎ ነው የሚጥለው። እያወቅሁ ዝም ካልኩ እኔም አብሬው ጣልኩ ማለት ነው። ለሠሪዎቹ እንጻፍ።»

«መልስ ይሰጣሉ ብለው ነው? እኛን ማን ያውቀናል?»

«አራሚን ማን ያውቃል ልጄ? ስህተቱን ይወቁ እንጂ።»

ሰኞ ማኬሬሬ ያለ ኢንተርኔት ቤት ገብተው፣ ሠሪዎቹም ጠራዡን የሚጠቀሙትም ሁሉ በሚያነቡት የደብዳቤ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። አሰፋሽ ደብዳቤውን አራት ጊዜ አርማዋለች። በማግስቱ መልስ መጣ፤ አንድ መስመር። «የእኔ ማሽን ላይ በትክክል ይሠራል።»

ዮፍታሔ ጠረጴዛውን መታ። አሰፋሽ ሳቀች።

«ምን ያስቅዎታል?»

«ይህን መልስ አውቀዋለሁ። የማሽን ክፍል ሰዎች ሁልጊዜ ‘እኛ ጋ ደህና ነበር’ ነው የሚሉት። ክፋት አይደለም፤ እውነትም እነሱ ጋ ደህና ነው። እኛ ጋ ያለውን እናሳያቸው።»

ሁለተኛውን ደብዳቤ ስትጽፍ የፕሮግራሙን ሦስት መቶ ቁራጭ ትታ ሦስት ፋይል ብቻ ያለው ትንሽ ምሳሌ አዘጋጀች፤ ሁለቱ በላቲን፣ አንዱ በግዕዝ ፊደል የተሰየሙ። ከሥሩ ከፍሪጁ ጎን ያለውን ማሽን ጠባይ በሙሉ ዘረዘረች፦ ዕድሜውን፣ የቋንቋ ቅንብሩን፣ ምን እንደተጫነበት። ጠራዡ ሊወጣ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር።

ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። ጋሼ ማኑሄ በየጠዋቱ፣ «ፈረንጆቹስ?» ይላሉ፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። በሦስተኛው ቀን ጆርጂያ የምትባል አገር የሚኖር፣ እሱም የራሱ ፊደል ያለው ሰው፣ «የካምፓላዋ ሴት ልክ ናት። የእኔም ፋይል ጠፍቷል፤ እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር» ብሎ ጻፈ። ያን ዕለት ከሰዓት ዋናው ሠሪ ራሱ መለሰ። የማሽኑን የቋንቋ ቅንብር እንደ እሷ ሲያደርገው እሱም ጋ እንደጠፋበት፣ እንዳፈረም ጻፈና አዲስ ሙከራ ላከ።

አሰፋሽ ፍላሹን ሰካች። ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ከበቧት፤ አለምዘውድ ማማሰያዋን እንደያዘች መጣች። ቀኙ ሳጥን አረንጓዴ ሆነ። ማንም አላጨበጨበም፤ አረንጓዴ ብቻውን እንደማይበቃ አሁን ሁሉም ያውቃል። አሰፋሽ ፕሮግራሙን ከፈተች። አምስት ቋንቋ አለ። አራተኛውና አምስተኛው መስመር ላይ ግን «አማርኛ» እና «ትግርኛ» ሊል በሚገባው ቦታ አራት አራት የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል።

«አይ እንግዲህ!» አሉ ጋሼ ማኑሄ። «ቋንቋችን ጥያቄ ውስጥ ገባ!»

ሳቁ መንገድ ድረስ ተሰማ። አሰፋሽ እየሳቀች ሦስተኛውን ደብዳቤ ጻፈች። ሁለተኛ ፕሩፍ ላይ አዲስ ስህተት መገኘቱ ለእሷ ብርቅ አይደለም። ሠሪዎቹ የሚወጣበትን ቀን በስምንት ቀን አራዘሙት። በአምስተኛው ቀን የመጣው ሙከራ አምስቱንም ቋንቋ በየራሱ ፊደል ቁልጭ አድርጎ አወጣ።

በዚያው ሰሞን ነው አሰፋሽ በአርባ አንድ ዓመቷ የመጀመሪያዋን ኮድ የጻፈችው። «ማሽኑ ቋንቋዎቹን ራሱ ይቁጠር፤ አምስት ካልሆኑ ይቅላ» አለች። ዮፍታሔ ሊጽፍላት ሲነሳ እጁን ያዘችው። ሁለት ከሰዓት ፈጀባት። ዮፍታሔ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ምላሱን ነክሶ፣ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ሲያልቅ መሥራቱን ለማየት የትግርኛውን ፋይል ሆን ብላ ደበቀችው። ሳጥኑ ቀላ። ምግብ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ ገና የገባ አንድ እንግዳ ጎል የገባ መስሎት፣ «ማን አገባ?» አለ። አክበረት ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ፣ «በሉ አሁን ትግርኛዬን መልሱ!» አለች።

ዋስዋ ረቡዕ ሲመጣ አሰፋሽ ሁሉንም አሳየችው። ጥብሱ እየቀዘቀዘ መስመሮቹን አንድ በአንድ አየ። ከአሥራ አንዱ ክሊኒክ ሦስቱ የሚያክሙት የኢትዮጵያና የኤርትራ ስደተኞችን ነው።

«ዝም ብለን ለውጠን ቢሆን ኖሮ?» አለ።

«አረንጓዴ ነው ብለን እንሰጣቸው ነበር።»

አለምዘውድ ሳህኑን ለማሞቅ እያነሳች፣ «በአገራችን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» ብላ በእንግሊዝኛ እንደምንም አስረዳችው። ዋስዋ ተረቱን ወረቀት ላይ ጻፈው። ማሽኑን ስለመመለስም ከዚያ በኋላ አላነሳም፤ እንዲያውም ቢሮው የሚጠቀምባቸውን ሌሎች ፕሮግራሞች መጪ እትም የሚፈትሽ ሁለተኛ አሮጌ ኮምፒውተር ፈልጎ አመጣ። አለምዘውድ ለዚያኛውም ከፍሪጁ ማዶ ቦታ አገኘችለት፤ «ከዚህ በላይ ግን ደንበኛ ቆሞ ሊበላ ነው» አለች።

ጠራዡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ወጣ። በመግለጫው ግርጌ ካምፓላ ለምትኖረው አሰፋሽ ምስጋና ተጽፎ ነበር። ዮፍታሔ አትሞ አመጣላት። አነበበችው፣ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ቀይ እስክሪብቶዋን አውጥታ ሁለት ቦታ ከበበች።

«እትዬ! ለምስጋና ደብዳቤ እርማት ይላካል?»

«‘ተለቀቀ’ የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፈውታል። ቢያውቁት አይጠሉም።»

አልጠሉም። ዋናው ሠሪ በማግስቱ፣ «ከእንግዲህ መግለጫውን ከመውጣቱ በፊት እንልክልሻለን፤ ፈቃድሽ ከሆነ» ብሎ ጻፈላት። አሰፋሽ ይህን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ስህተት አልነበረበትም።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ፕሮግራሙን ለመጀመሪያው ክሊኒክ ሊሰጡ ሄዱ። ካርድ ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መቅዲ የምትባል ወጣት ናት የምትሠራባት። መቅዲ እስከዚያ ቀን የሕመምተኛውን ስም በአማርኛ ሰምታ በእንግሊዝኛ እየጻፈች፣ አንዱን ሰው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ አስገብታ፣ ካርድ ፍለጋ ስትደክም ትውል ነበር። ኮምፒውተሩን ከፈተች። የቋንቋ ምርጫው መጣ። አራተኛው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈችና ተጫነችው። ገጹ በአማርኛ ተከፈተ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበት ምክንያት።

መቅዲ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ፣ በኛው?»

«በኛው» አለች አሰፋሽ።

ከመስኮቱ ውጭ ወረፋ የያዙ እናት አንገታቸውን አስግገው፣ «አሁን ስሜን በትክክል ትጽፊዋለሽ ማለት ነው?» አሉ። መቅዲ ስማቸውን ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ ነገሯት፤ እሷም ፊደል በፊደል እየፈለገች፣ እየሳቀች ጻፈችው። አሰፋሽ ከኋላዋ ጎንበስ ብላ አነበበችው፤ የሚታረም ፊደል አልነበረውም። ዮፍታሔ ሰዓቱን አይቶ፣ «እትዬ፣ አሥር ክሊኒክ ይቀረናል» ሲላት፣ «መጣሁ» ብላ ሴትዮዋ ተመዝግበው እስኪገቡ እዚያው ቆመች።